ክረምቱ ወጣ፤ ሕፃናትን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ውጭ ስለማዋል፦ ሰዓቱ፣ ቦታውና ጥንቃቄው

የሙጋዷ እናት

ሰላም ቤተሰብ፣ እንኳን ከክረምቱ ጭጋግ አወጣችሁ። የ8 ወር ሕፃንና የ3 ዓመት ተኩል ልጅ አሉኝ። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ቤት ውስጥ ስለከረሙ አሁን ፀሐይ ወጣ ሲል ውጭ ማዋል እፈልጋለሁ። እነዚህን ብትመልሱልኝ፦

ትንሹን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ላሙቀው? አማቴ “ከቤት ሙቀት ወጥቶ ነፋስ ከመታው ምች ይሆንበታል” እያሉ በጋቢ ተጠቅልሎ ብቻ እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ትልቁ ደግሞ መሮጥና ውሃ መንካት ነው የሚወደው። ደሴ ውስጥ ዳገት ሳይበዛበት የት ይጫወታል? ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ብናወርዳቸውስ፣ ከወባው አንጻር እንዴት ነው? ምን ይዤ ልውጣ? በተለይ ውሃና ምግብ ላይ ዝርዝር ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ነርስ፣ ቧንቧ ውሃ

አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚነሳው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ቆዳና ዓይን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ መስከረም ላይ የቀትር ፀሐይ አናታችን ላይ ልትሆን ምንም አይቀራት። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን ሙቀቱ አይሰማንም፤ ልጁም አያለቅስም፣ እኛም ልብ አንልም። ደሴ ላይ ልጅ ማታ ፊቱ ቀልቶ፣ ከንፈሩ ደርቆና ራሱን አሞት የሚገባው በዚህ ነው።

ሰዓት ማየት ሳያስፈልግ ጥላን መለካት ይቻላል። ልጁን ሜዳ ላይ አቁሙት። ጥላው ከቁመቱ ከረዘመ ጨረሩ ለዘብ ያለ ነው፣ ይጫወት። ጥላው ከቁመቱ ካጠረ ባርኔጣ ወይም የዛፍ ጥላ ግድ ነው። በመስከረም መጨረሻ ጥላ የሚያጥረው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ እስከ 9 ሰዓት ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ይህ ጊዜ ይጠብና ከ4 ሰዓት ከሩብ እስከ 8 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ይዛችሁ አትሂዱ።

ለ8 ወሩ ልጅሽ፦ በመስከረምና በጥቅምት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ 10 ደቂቃ ጀምሪለት፣ በሳምንት ውስጥ ወደ 20 ደቂቃ አድርሺው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋቱ ውርጭ ስለሆነ ወደ 3 ሰዓት ተኩልና 4 ሰዓት አዙሪው። ፊቱን ከፀሐይ መልሺው፤ እጁ፣ እግሩና ጀርባው ግን መገለጥ አለባቸው። በጋቢ ተጠቅልሎ የወጣ ሕፃን ሙቀት እንጂ ቫይታሚን ዲ አያገኝም። በመስኮት መስታወት ውስጥ የገባ ፀሐይም እንደዚያው ነው፣ ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። የእናት ጡት በሌላው ሁሉ የተሟላ ቢሆንም በዚህ ቫይታሚን ግን በጣም አነስተኛ ነው። ክረምቱን ቤት የከረመ ሕፃን የእጁ አንጓ ወፈር ካለ፣ ራሱ ላይ ላብ ከበዛ፣ ጥርሱ ወይም መቀመጡ ከዘገየ፣ ወይም እርግብግቢቱ ከ18 ወር በኋላም ካልገጠመ ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) እንዳይሆን ጤና ጣቢያ ይታይ። ፀሐይ ላይ ብቻ ተደግፎ መጠበቅ አይገባም።

ቦታው ነፋስ የማይደርስበትና ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ሥር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ድንጋዩ ስለሚሞቅ ሕፃኑ ልብሱ ቢወልቅም አይበርደውም። ቅቤ መቀባቱ ለቆዳው ልስላሴ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ከፀሐይ ይከላከላል ብሎ ማሰብ ግን ስህተት ነው።

አማትሽ ያሉትን በአክብሮት ስሚያቸው፣ ከሚሉት ውስጥ የሚያዝ ነገር አለ። ሮጦ ያላበው ትልቁ ልጅ ነፋስ ላይ ሲቆም በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ትርፍ ካናቴራ ያዢና ላቡን ጠርገሽ ቀይሪለት። ከንፈር ዙሪያ የሚወጣውን ውሃ የቋጠረ ቁስል ደግሞ ኃይለኛ ፀሐይ ያስነሳዋል። ቁስሉ ያለበት ሰው ሕፃን መሳም የለበትም፣ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ በተለይ አራስ ላይ በሽታው ከባድ ነው። የዳማከሴ ጭማቂ ግን ሕፃን አፍንጫና አፍ ውስጥ አይጨመርም።

ጋቢው ለመሄጃና ለመመለሻ ይሁን። ልጁ ሞቆት ወይም በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አትንኩ፣ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ጣታችሁን ማጅራቱ ላይ አኑሩ። እርጥብና ትኩስ ከሆነ አንድ ልብስ ይውለቅ፣ ከቀዘቀዘ አንድ ይደረብ።

ሰንስክሪንን (የፀሐይ መከላከያ ቅባትን) በተመለከተ፦ ከ6 ወር በታች ጥላ ነው መፍትሔው። ከዚያ በላይ መጠቀም የፈለገ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ከመውጣቱ 20 ደቂቃ በፊት ቀብቶ በየ2 ሰዓቱ ይድገም። ለጠቆረ ቆዳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ባርኔጣ በቂ ነው፤ ገንዘቡን እሱ ላይ አውሉት። አልቢኒዝም ላለበት ልጅ ግን ቅባቱም፣ ረጅም እጅጌውም፣ መነጽሩም ግዴታ ናቸው።

ጦሳ ግርጌ

እኔ ስለ ቦታውና ስለ እግሩ ልጨምር።

በመስከረም መጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ከጦሳና ከአዝዋ ገደል ተዳፋት ሥር ሕፃን ይዞ መቀመጥ ይቅር። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ መሬት ፀሐይ ሲወጣ ላዩ ብቻ ይደርቃል፣ ውስጡ ገና ጭቃ ነው። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያውቃት ከተማ ናት። ተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ዘንበል ካለ፣ ወይም ከዚህ በፊት ባልነበረበት ቦታ ውሃ ከመነጨ ከዚያ አካባቢ ውጡ። ሥሩ የተሸረሸረ ገደል ጠርዝ ላይም ልጅ አይቁም፤ ሣሩ ጠርዙን ስለሚሸፍነው ከላይ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል።

ለ3 ዓመት ተኩል ልጅ የሚሆነው ሜዳ ነው። ገራዶ በኩል ወረድ ካላችሁ ሰፋ ያለ ሣር ታገኛላችሁ፣ አደይ አበባውም መስከረምን ሙሉ አለ። ከከተማው ሳይወጡ ደግሞ አይጠየፍ ያለበት ኮረብታ ላይ ጠዋት መሄድ ይቻላል፤ የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ ለልጁ እያሳያችሁ ታወሩታላችሁ። ኮረብታው ላይ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይበረታል፣ ስለዚህ ከሰዓት አትምረጡት።

የሚገፋ ጋሪ ለደሴ አይሆንም። ኮብልስቶኑ ላይ ሕፃኑ ይንገጫገጫል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እጅ ካመለጠ አለቀ። አንቀልባ ወይም ማዘያ ይሻላል። ስታዝሉ የሕፃኑ ጉልበቶች ከመቀመጫው ከፍ ብለው፣ ጭኖቹ ተከፍተው ወገባችሁን ያቀፉ ይሁኑ፤ እግሩ ገጥሞና ተዘርግቶ ወደ ታች የተንጠለጠለ ከሆነ ለዳሌው ጥሩ አይደለም። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ፀሐይ እንደመታው ለተሸካሚው አይታየውም። ወደ ፀሐይ ስትሄዱ እናንተ ትሸፍኑታላችሁ፣ ስትመለሱ ግን ጨረሩ በቀጥታ እሱ ላይ ነው። ያኔ ባርኔጣውን አስተካክሉ። ነጠላ ከጣላችሁበት ስስ ሆኖ ከፊቱ ራቅ ይበል።

ጫማ፦ ጭቃው እስኪደርቅ ትልቁ ቦት ጫማ ያድርግ፣ ከወፍራም ካልሲ ጋር። ቦት ውስጥ እግር ስለሚያልበው ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይበት። መሬቱ ከደረቀ በኋላ ተረከዙን የሚይዝ ሸራ ወይም ኮንጎ ጫማ ይሁን፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚሮጥ ልጅ ይደናቀፋል። በባዶ እግሩ ደግሞ ከብት በሚውልበት አቧራ ላይ ሙጃሌ አለ። ማታ እግሩን ስታጥቢው በጣቶቹ መሐልና በጥፍሩ ጠርዝ ተመልከቺ፦ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ነጭ እብጠት ካየሽ እሱ ነው። ለሌላ ሰው በዋለ መርፌ አታውጪው፤ ጤና ጣቢያ በንጹሕ መሣሪያ ያወጡታል፣ የቲታነስ ክትባቱም መሟላቱን ያያሉ።

ከአጥር ሥር ያሉትን ዕፅዋት ደግሞ ልጁ በስማቸው ይወቃቸው። የእምቧይ ቢጫ ፍሬ፣ የጉሎ ፍሬ፣ የአስተናግር ፍሬ አይቀመሱም። ቅንጭብ ሲሰበር የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ 20 ደቂቃ ማጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ሳማ ከነካው አትሹት፤ መጀመሪያ በፕላስተር ላዩን ጫን አድርጋችሁ ፀጉሮቹን አንሡ፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ እጠቡት። ካሻችሁት ፀጉሩ ይሰበርና ማቃጠሉ ይብሳል።

በለስ ወቅቱ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ትልልቁ እሾህ አይደለም ልጁን የሚያስለቅሰው፣ በፍሬው ልጣጭ ላይ በቡድን በቡድን የተተከለው ዓይን የማያየው ፀጉር ነው። ሻጮቹ ሲልጡት ፀጉሩ ቢላው ላይ ይቀራል፤ በዚያው ቢላ የተቆረጠው ሥጋ ላይም ይተላለፋል። ስለዚህ የተላጠውን በውሃ አለቅልቃችሁ ስጡት። ቤት ከላጣችሁ ፍሬውን በሣር መጥረጊያ አሸዋ ላይ አንከባልሉ፣ በባልዲ ውሃ ውስጥ አማስሉት፣ ውሃውን ሁለቴ ቀይሩ፣ ከዚያ በሹካ ወግታችሁ ይዛችሁ ሁለቱን ጫፍ ቆርጣችሁ ጎኑን ሰንጥቁት። እጁ ላይ ከገባ ፕላስተር ለጥፎ በአንድ ጊዜ መሳብ፣ የቀረውን በወረንጦ። ለ3 ዓመት ልጅ በቀን ሁለት ፍሬ ይበቃዋል፤ ከበዛ ፍሬ ፍሬው አንጀት ላይ ተጠቅጥቆ ከባድ ድርቀት ያመጣል።

ኮምቦልቻ ላይ ያለሁ

የሙጋዷ እናት፣ ልጆቹን ማውረዱ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ደሴ ሲበርድ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ሙቀቱም 4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ላይ የለበሱትን ሹራብ ለብሰው እስከ ታች እንዳይደርሱ፣ በመሐል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትጨርሱ አውልቁላቸው።

ሐረጎ ላይ የሚያጋጥመው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የጆሮ ግፊት፦ ቁልቁለቱ ሲጀምር ትንሹን ጡት አጥቢው፣ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። ተኝቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማስነሳት አያስፈልግም፤ ጉንፋን ካለበትና አፍንጫው ከተዘጋ ግን ጉዞውን ለሌላ ቀን አድርጉት። ሁለተኛው ማስመለስ፦ ትልቁ ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ደረቅ ዳቦና ትንሽ ሻይ ይብቃው፣ ወተት ሞልቶ አይውጣ። መሐል ወንበር ላይ ሆኖ ሩቅ እያየ ይሂድ፣ ስልክ አይሰጠው። ፌስታል ከእጃችሁ አይጥፋ። ከሾፌሩ ጎን ፊት ወንበር ላይ ልጅ ታቅፎ መቀመጥ ግን በምንም ምክንያት አይደረግ፤ ድንገተኛ ፍሬን ላይ የምትከላከሉበት ነገር የለም።

ወባ። ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆንን ወባ አለ፤ ዋናው ወቅቱም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ኩሬው ሁሉ ሙቀት የሚያገኝበት። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከጀምበር መጥለቅ ጀምሮ ሌሊቱን ነው። ለቀን ጉዞ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከ11 ሰዓት በፊት መኪና ውስጥ ሁኑ። ካደራችሁ አጎበር፣ በርና መስኮት ከ11 ሰዓት በፊት መዝጋት፣ ረጅም እጅጌና ሱሪ። ደሴ ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ አትርሱት። ምልክቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከተነደፉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ከዚያ ሊዘገይም ይችላል። በዚያ ጊዜ ልጁ ካተኮሰው “ጉንፋን ነው” ተብሎ አይታደር፤ በዚያው ቀን ደሙ ይመርመርና ለባለሙያው ኮምቦልቻ ወርዶ እንደነበር ይነገር። ደሴ ላይ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ወባን መጀመሪያ ላያስብ ይችላል።

አሁን ልጅሽ የሚወደው ውሃ። ቦርከናና ወደሱ የሚገቡት ወንዞች ውስጥ ልጅ አይግባ። ከላይ ከደሴ የሚመጣው የከተማ ቆሻሻ፣ እዚህ ከፋብሪካ የሚወጣው ዝቃጭ አለ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቢልሃርዚያ ነው። ትሉ ቀስ ብሎ በሚፈስና ሣር ባለበት ዳርቻ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ በጤነኛ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ መጠጣትም አያስፈልግም፣ እግር መንከር ብቻ ይበቃዋል። በብዛት የሚወጣው ደግሞ ልጆች መታጠብ በሚወዱበት በጠራራው ሰዓት ነው። ውሃው የጠራ መሆኑ ምንም አይናገርም። አስቀድሞ ከገባ ልጅ ካለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የሰገራ ምርመራ ይደረግለት፤ ከዚያ በፊት ቢመረመር እንቁላሉ ገና አይታይም። መድኃኒቱ የሚታዘዘው በክብደት ነው፣ በግምት አይሰጥም።

በምትኩ ሳፋ። የቧንቧ ውሃ በጥቁር ጀሪካን ሞልታችሁ ጠዋት ፀሐይ ላይ አኑሩት፤ 6 ሰዓት ሲሆን ለመታጠብ የሚበቃ ሙቀት ይኖረዋል። መጀመሪያ በክርናችሁ ነክታችሁ ሞክሩት፣ አንዳንዴ ከምትገምቱት በላይ ይሞቃል። ጥላ ሥር ሳፋው ላይ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ብቻ አፍሱ፤ ኩባያ፣ ማጥለያና ባዶ የዘይት ጠርሙስ ስጡት፣ አንድ ሰዓት ይዞ ይቆያል። የ5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሕፃን ያሰጥማል፣ ድምፅም አያሰማም፤ ስለዚህ ስልክ ለማንሳት እንኳን ዞር አይባልም። ሲያበቃ ሳፋው ወዲያው ይደፋ፣ ካደረ የትንኝ መራቢያ ነው።

የሙጋዷ እናት

እናንተ ልጆች፣ አላህ ይስጣችሁ፣ ሁሉንም ጽፌ ያዝኩት። የጥላውን ነገር ዛሬውኑ ሞከርኩት። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ሐይቅ ልንሄድ ብንል ለእነዚህ ዕድሜ ይሆናል? ምግቡንስ ማን ይነግረኛል?

ሐይቅ መንገድ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለግማሽ ቀን ይመቻል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ብትነሱ ንጹሑን ሰዓት ዳርቻው ላይ ታገኙታላችሁ። ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ዳርቻው ላይ ያለው ሣርና ደንገል ደግሞ ውሃው የት እንደሚጀምር ይሸፍናል። አንድ አዋቂ ለአንድ ልጅ ይመደብ፣ ክንዱን ዘርግቶ የሚይዘው ርቀት ላይ ይሁን። ጀልባ ላይ በልክ የሚገጥም የዋና ጃኬት ከሌለ ሕፃን አይሳፈር። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ቢታሰር ውሃ ውስጥ ሲገባ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ውሃው ውስጥ እግር ስለመንከር ኮምቦልቻ ያለው ወንድማችን የጻፈው እዚህም ይያዝ፣ ወባውም እንደዚያው።

ገዳሙን ለማየት ካሰባችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። አባት ትልቁን ይዞ ሲገባ እናትና ሕፃን የሚቆዩበት ጥላ አስቀድማችሁ አስቡ፣ እዚያ ደርሳችሁ እንዳትቸገሩ።

ዓሣው ቆሮሶ ነው። ለልጅ ሲሰጥ ከጀርባው ወፍራም ሥጋ፣ በጣት እየተፈተሸ። የሆድ ዕቃው አካባቢ ያለው ቀጭን አጥንት ነው የሚያስቸግረው። በደንብ የበሰለ ብቻ።

የአፀደ ሕፃናት መምህርት

ምግቡን እኔ ልመልስ፣ ከጨዋታው ጋር።

ለ8 ወሩ ሕፃን ጡት ከሁሉም በላይ ነው፤ ውጭ ሲሞቀው ደጋግመሽ አጥቢው። (ከ6 ወር በታች የሆነ ልጅ ያላችሁ፦ በፀሐይም ቢሆን ውሃ አይሰጠውም፣ ጡት ብቻ።) ገንፎውን ቤት አብስለሽ በክዳን መያዝ ከፈለግሽ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ከዚያ የሚቀለው እዚያው የሚፈጭ ሙዝ ነው፣ ልጣጩ ራሱ ይጠብቀዋል። የተቀቀለ እንቁላልም ከነቅርፊቱ ያዢ።

ለትልቁ አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ለግማሽ ቀን ይዘሽለት ውጪ። ደሴ ላይ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ልጅ ሲጫወት አይጠማውም፣ ስለዚህ በየ30 ደቂቃው አንድ ሁለት ጉንጭ ስጪው። ሽንቱ ቢጫነቱ ከጠነከረ አልጠጣም ማለት ነው። ዳቦ፣ ብርቱካን፣ በማር የታሸ በሶ ጥሩ ነው፣ ማሩ ግን ዓመት ላልሞላው አይቀመስ። ቆሎና ለውዝ ከ5 ዓመት በታች አይሰጥም። ይህን የምለው ብዙ ቤት ቆሎ የልጅ ስንቅ ስለሆነ ነው፦ ልጁ እየሮጠና እየሳቀ ሲቆረጥም ገብሱ ወይም ሽምብራው ወደ አየር ቧንቧው ይገባል፣ ለውዝ ደግሞ እዚያ ሆኖ ያብጣል። ሸንኮራም ለዚህ ዕድሜ ገና ነው።

ጨዋታውን በተመለከተ፣ የተገዛ ጠንካራ ኳስ ዳገት ባለበት ከተማ ተንከባሎ መንገድ ይገባል፣ ልጁም ይከተለዋል። የካልሲ ኳስ ግን ወደቀበት ይቀመጣል። አሠራሩ፦ ሦስት ፌስታል ጨብጠሽ ቋጥሪ፣ በላዩ የአሮጌ ካናቴራ ቁርጥራጭ አጥብቀሽ ጠቅልይ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሲሞላ ረጅም ካልሲ ውስጥ ክተቺው። የካልሲውን አንገት ሦስቴ አጠማዘሽ ገልብጠሽ መልሰሽ አልብሺው፣ እስኪያልቅ ድረስ ድገሚ። በሲባጎ ከግራ ቀኝ፣ ከላይ ታች መስቀለኛ አድርገሽ ሸብቢና ሁለተኛ ካልሲ አልብሰሽ አፉን በመርፌ ዝጊው። ጨርቁ ከበዛ ጤዛ ሲነካው ይከብዳል፣ የትንሽ ልጅ ቁርጭምጭሚት ያማል። ፌስታሉ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቅርጹ አይቆምም። ስፌቱ ከተተረተረ ፌስታሉን ልጁ አፉ ላይ እንዳያደርገው ወዲያው ጠግኚው።

አኩኩሉ ለ3 ዓመት ተኩል ይሆነዋል፣ ግን መደበቂያውን እናንተ ምረጡ፦ ሦስት ዛፍ አሳዩትና “ከነዚህ ውጭ አይኬድም” በሉት። ሰኞ ማክሰኞ ገና ነው፣ በአንድ እግር መዝለሉ ወደ 4 ዓመት ላይ ነው የሚጠነክረው። ለሱ መስመሩን በሁለት እግር እየዘለለ ይሂድ። ጭቃ ማቡካት ግን ወደር የለውም፤ ከብት ካልዋለበት ቦታ አፈር ወስዳችሁ ትንሽ ውሃ ጨምሩ፣ ጀበናና ስኒ ይሥራበት፣ ግድግዳ ሥር ይድረቅ። ከዚያ እጁን በሳሙና፣ ጥፍሩን በብሩሽ።

በመስከረም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከተሰማ ጨዋታው ያኔውኑ ይቁም። ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ቤት ወይም መኪና ግቡ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

ነርስ፣ ቧንቧ ውሃ

መምህርቷ ላይ አንድ ልጨምር። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ፓኬት ለምለም (ኦአርኤስ፣ በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) ይኑር። ተቅማጥ ከጀመረ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው፤ ግማሽ ሊትር ውስጥ ማድረግ ጨውን ያበዛና ልጁን ይጎዳል። ከእያንዳንዱ ቅዝን በኋላ ለትንሹ ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ በማንኪያ፣ ለትልቁ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ዚንክ ከጤና ጣቢያ ተቀበሉ፣ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሰጣል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ወይም ፈዞ ከተኛ ግን ቤት አትቆዩ።

ትልቁ 2 ዓመት ስላለፈው የአንጀት ትል መድኃኒት በየ6 ወሩ ይሰጠዋል። ጭቃና ሣር ላይ ሊውል ስለሆነ የመጨረሻው መቼ እንደነበር ካርዱን እዩ። የትንሹን የቫይታሚን ኤ ጠብታም አብራችሁ ጠይቁ፣ ከ6 ወር ጀምሮ ነው።